ልብ ወለድ ታሪክ በምን ይታመናል?

ስለ መተማና ስለ ገዳሪፍ ምድር ታሪካዊ ድርሰት ለመምህራን ጉባኤ የተሰጠ ንግግር



አፈ ወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ. ም. በሮማ ያሳተሙት መጽሐፍ ስሙ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባላል። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚቈጠረውም ይኸው መጽሐፍ ነው። ስሙን ልብ ብሎ ለተመለከተው ሰው በእነዚህ ጥቂት ቃላት ውስጥ አንድ ትልቅ ክርክር ተቀምጧል፤ ልብ የወለደው ነገር እንዴት ታሪክ ይባላል? ታሪክ የሆነውንስ ነገር ልብ እንዴት ይወልደዋል? ከዚያ ወዲህ ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ. ም. «የቴዎድሮስ እንባ»ን፥ አቤ ጉበኛም በ1961 ዓ. ም. «አንድ ለእናቱ»ን ባሳተሙ ጊዜ የአማርኛ አንባቢ በታሪክ ላይ የተመሠረተን ድርሰት ምን ያህል እንደሚወድ በግልጥ ታየ። እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ከልብ ወለድ የተማረው ሰው ቍጥሩ ጥቂት አይደለም።

ነገሩ መምህራንን የሚመለከተውም ስለዚህ ነው። ተማሪ የነገሥታቱን ዘመን ከፈተና በኋላ ይረሳል፤ በልብ ወለድ ያየውን ፊት ግን አይረሳም። ደራሲው ያለ ጥንቃቄ የፈጠረውን ጠላት ተማሪው እስከ ሽምግልናው ይዞት ይኖራል። እንግዲህ ታሪካዊ ልብ ወለድ በምን ይታመናል? መታመኑስ ለማን ይጠቅማል? ይህን ለመመርመር ከአንድ ስፍራ መነሣት ይሻላል፤ ስፍራውም መተማና ከመተማ ማዶ ያለው የገዳሪፍ ምድር ነው።

መተማ ዛሬ በኢትዮጵያ በኩል ያለችው የጠረፍ ከተማ ስትሆን፥ በሱዳን በኩል ያለችው ገላባት ትባላለች። በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ትንሽ ወንዝ ነው፤ ይኸውም በበጋ የሚደርቅ ነው። ከገላባት ወደ ሰሜን ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ገዳሪፍ ይገኛል። ገዳሪፍ ቀድሞ በሹክሪያ ጎሣ አለቆች ስም «ሱቅ አቡ ሲን» ይባል ነበር፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ፥ እህሉም ማሽላና ሰሊጥ ነው። በመተማ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ከምዕራብ የመጡ ተክሩሮች ሰፍረው ይኖሩ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ. ም. በዚያ ሲያልፍ ገበያውንና ተክሩሮቹን አይቶ ጽፏል። የጎንደር ነጋዴ ቡናውን፥ ሰሙንና በቅሎውን ይዞ ይወርድ ነበር፤ የሚያሳዝነው ግን በዚያ ገበያ ሰውም ይሸጥ ነበር።

በዚህ ምድር ላይ በሦስት ዓመት ውስጥ የሆነው ነገር ለማንኛውም ደራሲ ከበቂ በላይ ነው። በ1879 ዓ. ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መተማን ወግተው አቃጠሉ፤ የመሐዲስቶቹም አሚር ወድ አርባብ በዚያ ተገደለ። በዓመቱ በጥር 1880 ሐምዳን አቡ አንጃ መጥቶ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በሳር ውሃ ድል አደረገ፤ ጎንደርንም ዘረፈ፥ አብያተ ክርስቲያናቷንም አቃጠለ። ከዚያም መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ. ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በመተማ ዘሪባ ላይ ጦርነት ገጠሙ፤ ጦራቸውም ድል ሊያደርግ በተቃረበ ጊዜ በጥይት ተመተው ወደቁ። አስከሬናቸው ተማርኮ ራሳቸው ወደ ኸሊፋ ዐብዱላሂ ወደ ኦምዱርማን ተላከ። የከተማይቱ ስም ዛሬ መተማ ዮሐንስ መባሉ ለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ይነግራል። ደራሲ ግን ከዚህ የበለጠ ማወቅ ይፈለግበታል፤ የጦሩ ሰው በዋዜማው ምን በላ? ሌሊቱ ጨለማ ነበርን? ዕለቱስ ምን ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ለታሪክ ጸሐፊ ቀላል ይመስላሉ፤ የልብ ወለድ አንባቢ የሚያምነው ወይም የሚጠራጠረው ግን በእነዚሁ ነው። ደግሞም መልሳቸውን ለማግኘት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ የአገራችን ሊቃውንት ያቆዩት ባሕረ ሐሳብ ይበቃል።

በ1881 ዓ. ም. ዘመኑ ማቴዎስ፥ አበቅቴው 28፥ መጥቁ 2 ነበር። መጥቁ ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅዕ በጥቅምት 2 ቀን ይውላል፤ ዕለቱም ሐሙስ ነበርና ተውሳኩ 3 ነው። 2 እና 3 ሲደመር 5 ይሆናል፤ ስለዚህ ጾመ ነነዌ የካቲት 5፥ ዐቢይ ጾም የካቲት 19፥ ፋሲካም ሚያዝያ 14 ቀን ነበረ ማለት ነው። መጋቢት 1 ቀን እንግዲህ ቅዳሜ ነው፤ ይኸውም የሁዳዴ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። በእስላሞቹ አቈጣጠር ደግሞ ወሩ የ1306 ረጀብ፥ እርሱም ገና በመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነበር። ጨረቃዋ ግማሽ ሆና እኩለ ሌሊት ገደማ ትጠልቅ ነበር።

ከዚህ ትንሽ ሒሳብ ስንት ነገር እንደሚገኝ ልብ ይሏል። በጦርነቱ ዋዜማ የንጉሠ ነገሥቱን ጦር ጥሬ ሥጋ የሚያስቈርጥ ደራሲ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይወድቃል፤ በስንቅ ከረጢቱ ውስጥ መገኘት ያለበት ቆሎና በሶ እንጂ ቋንጣ አይደለም። ብልህ ደራሲ ከሆነ ግን እዚህ ላይ አዲስ ጥያቄ ያገኛል፤ ከብዙ ቀን ጉዞ በኋላ የደከመ ወታደር በጾም ወራት ለውጊያ ሲሰለፍ ንስሐ አባቱ ምን ይሉታል? ሰውየው ቢበላ ምን ይሰማዋል? ባይበላስ ጉልበቱ ይበቃዋልን? እንዲሁም ከእኩለ ሌሊት በፊት የሚሰልል ሰው በግማሽ ጨረቃ ብርሃን ይታያል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚሄድ ግን በጨለማ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ከደራሲው ልብ የመነጨ ሳይሆን ከዘመን ቈጠራ የተገኘ ነው፤ ልብን የሚያነቃው ግን እንዲህ ያለው ነገር ነው።

ከዘመን ቀጥሎ የሚመረመረው ዕቃና ልማድ ነው። በ1881 ዓ. ም. የጎንደርን ቤቶች በባሕር ዛፍ የሚከብ ደራሲ ተሳስቷል፤ ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው ከዚያ በኋላ በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነውና። የሬሚንግተን ጠመንጃ ግን በወታደሩ እጅ ቢገኝ ያስኬዳል፤ ከግብጾች ጋር በጉንደትና በጉራዕ በተደረጉት ጦርነቶች ብዙ ተማርኳልና። ትንባሆን የተመለከትን እንደ ሆነ ደግሞ የሚያስገርም ነገር እናገኛለን፤ ዐፄ ዮሐንስ ትንባሆ የሚያጨስን ሰው በብርቱ ይቀጡ ነበር፤ በማዶ በኩልም መሐዲው ትንባሆን ከልክሎ ነበር። እንግዲህ በሁለቱም ሰፈር ጋያውን ደብቆ የሚያጨስ ሰው ቢኖር በሁለቱም በኩል የሚፈራው ቅጣት አለ። ሁለት ጠላቶች የሚመሳሰሉበትን አንድ ትንሽ ፍርሃት ማግኘት ለደራሲ ከብዙ ገጽ የጦርነት ወሬ ይበልጥበታል።

ስለ ድንበርም እንደዚሁ ነው። ዛሬ በካርታ ላይ የሚታየው መሥመር መሠረቱ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ. ም. ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተዋዋሉት ውል ነው፤ በምድርም ላይ የተመለከተው ከዚያ በኋላ ነው። በ1881 የነበረው የመተማ ሰው በአንድ ገበያ የሚኖር፥ ግብሩንም አንዳንድ ጊዜ ለሁለት ጌታ የሚከፍል ሰው ነበር። ስለዚህ ገጸ ባሕርያቱን በዚያ ዘመን «ድንበር የሚያሻግር» ደራሲ የዛሬውን ካርታ ለሞቱ ሰዎች እጅ መስጠቱ ነው።

መሬቱም ራሱ ምስክር ነው። የቈላው ምድር በክረምት መረሬው ጭቃ ስለሚሆን ጦር አያስኬድም፤ በበጋ ደግሞ ሣሩ ተቃጥሎ፥ ጅረቱ ደርቆ፥ ፀሐዩ ከግራርና ከዕጣን ዛፍ በቀር ጥላ አያስቀርም። ደገኛው ወታደር ከጥይት ይልቅ ንዳዱን ይፈራ ነበር። እንግዲህ በዚያ ምድር ስለ ተደረገ ጦርነት የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ ስለ ውሃ ሊያስብ ይገባዋል፤ ውሃው ከየት ይቀዳል? ማን ይሸከመዋል? ለሰው ይቀድማል ወይስ ለበቅሎ?

አሁን ወደ ምስክሮቹ ቃል እንመለስ። የመተማን ነገር የጻፉት ብዙዎች ናቸው፤ ያለ ዓላማ የጻፈ ግን የለም። በእኛ በኩል እንደ አለቃ ለምለም ያሉ ሊቃውንት የነገሥታቱን ታሪክ ሲጽፉ፥ የጎጃሙ አለቃ ተክለ ኢየሱስም የአገራቸውን ነገር አቆይተዋል፤ ጸሐፊው በማን ቤት እንዳደገ ከብዕሩ ይታወቃል። በማዶ በኩል እስማኤል ኢብን ዐብዱልቃድር አልኩርዱፋኒ የተባለ ሊቅ የዐፄ ዮሐንስን መሞት የምሥራች አድርጎ የሚናገር «አጥጢራዝ አልመንቁሽ» የሚባል መጽሐፍ በዐረብኛ ጽፏል። ይኸው ሰው ኋላ በኸሊፋው ፊት ሞገሱን አጥቶ ተጋዘ። ሦስተኛው ወገን በኦምዱርማን እስረኞች የነበሩት አውሮፓውያን ናቸው፤ እነርሱም አባ ዮሴፍ ኦርቫልደርና ስላቲን ናቸው። የሁለቱም መጻሕፍት እ. ኤ. አ. በ1892 እና በ1896 በእንግሊዝኛ ሲወጡ ያሰናዳቸው የግብጽ ጦር የስለላ ክፍል አለቃ ዊንጌት ነበር፤ የእንግሊዝ ሕዝብ ሱዳንን እንደ ገና ለመያዝ ፈቃደኛ እንዲሆን ይፈልግ የነበረውም እርሱ ነው።

ታዲያ ከእነዚህ ማንን ማመን ይገባል? ጥሩ ደራሲ እንደ ጥሩ ዳኛ ነው፤ ጠላት የመሰከረለትን መልካም ነገር፥ ወዳጅም የመሰከረበትን ክፉ ነገር አጥብቆ ይይዛል። ስለ ጦሩ ብዛት ምስክሮቹ ካልተስማሙም ቍጥሩን ይተወዋል፤ በሰልፉ መካከል የቆመ ወታደር የሚያየው ከፊቱ ያለውን ጀርባና አቧራውን ነው እንጂ ቍጥሩን አይደለም።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ይመጣል። ምስክሮቹ ሁሉ ተደምረው የማይናገሩለት ሰው አለ። የጎንደር በቅሎ ነጂ፥ የተክሩር ነጋዴ ሴት፥ በገበያው የተሸጠች ልጅ፥ በዘሪባው ውስጥ ከእናቱ ጋር የተከበበ ሕፃን በየትኛውም ዜና መዋዕል ስማቸው አልተጻፈም። የልብ ወለድ ርስት ይህ ነው። ደንቡም አጭር ነው፤ ታሪክ በተናገረበት ስፍራ ደራሲው ይሰማል፤ ታሪክ ዝም ባለበት ስፍራ ደራሲው ይናገራል። ተናግሮ ያለፈውን ቢያጣምም ውሸታም ይሆናል፤ ዝም ያለውንም እንደ ዝምታው ቢተወው ደራሲነቱ ለምን ይጠቅማል?

ለምሳሌ ያህል አንድ በቅሎ ነጂ እናስብ። ከ1879 በፊት ጨው፥ ሰምና ቡና ጭኖ ወደ መተማ በወረደ ቍጥር በአንዲት የተክሩር ባልቴት አጥር ግቢ ያድር ነበር እንበል። ንዳድ ይዞት ሲያንዘፈዝፈው ውሃ ያጠጣችው እርስዋ ናት። ኋላ ሐምዳን አቡ አንጃ ጎንደርን ሲያቃጥል የሰውየው ወንድም ሞተ። በመጋቢት 1881 እርሱ ራሱ ስንቅ ጭኖ ከንጉሠ ነገሥቱ ጦር ጋር ወርዷል፤ ከእሾኹ አጥር ማዶ ጭስ ሲነሣ ያያል፤ የባልቴቲቱ ቤት በየት በኩል እንደ ነበረም ያውቃል። የወንድሙ ደም ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ያቺ ውሃ ወደ ኋላ ትይዘዋለች። ይህ ሰው በታሪክ አልተጻፈም፤ ሊኖር አይችልም የሚል ግን አይገኝም። አንባቢው የሚያምነውም ደራሲው ስለ ማለው ሳይሆን ገበያው፥ ንዳዱ፥ ቃጠሎውና ወሩ ሁሉ እውነት ስለ ሆኑ ነው።

በዚህ ላይ የአማርኛ ቋንቋ ለደራሲው የሚያቀርብለት አንድ ልዩ ፈተና አለ። ቋንቋችን ሰውን ሳያከብር ወይም ሳያቃልል ግሥ አይነግርም። «ዐፄ ዮሐንስ መጡ፤ ዘኪ ጠመል መጣ» ስንል ከመጀመሪያው ቃል ፍርድ ሰጥተናል። ከመተማ ወዲህ ባለው ሰፈር እንዲህ መባሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ትረካው በዘሪባው ውስጥ በገባ ጊዜ፥ አቡ አንጃ በዚያው ዓመት በጥር በሕመም ከሞተ በኋላ ጦሩን የተረከበውን ሰው ወታደሮቹ «አሚራችን መጡ» ይሉ ነበር እንጂ «መጣ» አይሉም ነበር። «ደርቡሽ» የሚለው ስምም እንደዚሁ በጎንደሬው አፍ እውነት ነው፤ እነርሱ ግን ራሳቸውን «አንሷር» ይሉ ነበር። ደራሲው በማዶው ሰፈር ለአንድ ምዕራፍ ያህል እንኳ የአክብሮቱን ግሥ ለማዶው ሰው ቢሰጥ አገሩን አልካደም፤ ተማሪው በጠላት ድንኳን ውስጥም አባትና ልጅ፥ አለቃና ምንዝር መኖሩን በጆሮው እንዲሰማ አደረገ እንጂ።

ይህን የሚቃወም ሰው ይኖራል። «ጎንደርን ላቃጠለ፥ የንጉሠ ነገሥታችንን ራስ ለቈረጠ ሰው ግሥ መርጦ ማክበር ምን ማለት ነው? ለልጆቻችን ልንነግራቸው የሚገባን ስለ ጀግኖቻችን ነው» ይል ይሆናል። ቁጣው የሚገባ ነው። ነገር ግን ዐፄ ዮሐንስ ራሳቸው ከጦርነቱ በፊት ለአቡ አንጃ በላኩት ደብዳቤ ሁለቱ ሕዝቦች በከንቱ ከሚተላለቁ ይልቅ በሰላም ቢኖሩ እንደሚሻል፥ የሁለቱም ጠላት ከአውሮፓ የሚመጣው እንደ ሆነ አሳስበው ነበር። የተመለሰላቸው መልስ ስድብ ነበር። ጠላትን እንደ ሰው ማየት እንግዲህ የዛሬ ደራስያን ያመጡት ፈሊጥ አይደለም፤ በመተማ የወደቁት ንጉሥ አስቀድመው ሞክረውታል። ይህን ደብዳቤ የማያስታውስ ልብ ወለድ ለእርሳቸው ክብር የቆመ ቢመስልም ከክብራቸው ይቀንስባቸዋል። በፊት የለሽ ጭራቅ ላይ የተገኘ ጀግንነትም ጀግናውን አያተልቀውም።

በማዶ ያለውም ደራሲ ይህንኑ ሥራ ጀምሯል። የሱዳኑ ሐሙር ዚያዳ ስለ መሐዲስቶቹ ዘመን የጻፈው «ሸውቅ አድደርዊሽ» የተባለው ልብ ወለድ እ. ኤ. አ. በ2014 የነጂብ ማሕፉዝን ሽልማት አግኝቷል። የመጽሐፉ ዋና ሰው አሚር ወይም ኸሊፋ አይደለም፤ ባርነት ያሳለፈ አንድ ሰው ነው። ታሪክ ዝም ያለበትን ስፍራ ማዶኛው ደራሲም አይቶታል ማለት ነው።

ሌላው ተቃውሞ «ይህን ያህል ምርመራ ድርሰቱን ያደርቀዋል» የሚለው ነው። አዎን፥ ያጠናውን ሁሉ በገጹ ላይ የሚዘረግፍ ደራሲ ያሰለቻል። ጨው በወጥ ውስጥ ይቀመሳል እንጂ አይታይም። የባሕረ ሐሳቡ ስሌት በደራሲው ማስታወሻ ደብተር ይቀራል፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሚታየው ወታደሩ የበላው ቆሎ ብቻ ነው።

ከምርመራው ሁሉ ልብን የሚነካው ግን የሚከተለው ነው። በእኛ አገር ከብቱ በበሽታ አልቆ፥ በሬ ጠፍቶ፥ ምድሪቱ ሳትታረስ የቀረችበት ዘመን «ክፉ ቀን» ይባላል፤ የብርቱውም ራብ መጀመሪያ 1881 ዓ. ም. ነው። በሱዳንም በዚያው ጊዜ ብርቱ ራብ ሆኖ ነበር፤ በ1306 ስለ ሆነ «ሰነት ሲታ» ይሉታል፤ ስድስተኛው ዓመት ማለታቸው ነው። በመተማ የተጋደሉት ሁለት ሠራዊቶች በየኋላቸው የሚራብ ቤተ ሰብ ትተው የመጡ ነበሩ። አንዱ ሕዝብ ክፉ ቀን፥ ሌላው ስድስተኛው ዓመት የሚለው ኀዘን ጊዜው አንድ መሆኑን በሁለት መዝገብ ፈልጎ ያገኘ ደራሲ መጽሐፉን ግማሽ ጽፎታል።

ይህም ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። በ1977 ዓ. ም. ገደማ በራብና በጦርነት የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ አውራጃ በኡም ራኩባ ሰፈር ተጠልለው ነበር። በጥቅምት 2013 ዓ. ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ የሸሹት ሰዎች በዚያው በኡም ራኩባ እንደ ገና ሰፈሩ። ከሚያዝያ 2015 ዓ. ም. ወዲህ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ያ የጠረፍ ምድር በሦስት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ሕፃናት በሁለቱም አቅጣጫ ሲሸሹ አየ። ከእነዚህ ልጆች አንዱ በአንዱ መምህር ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የመተማን ጦርነት የሚማርበት ቀን ይመጣል፤ በአጠገቡም ከማዶ የመጣ ልጅ ይኖር ይሆናል።

ስለዚህ መምህር ስለ መተማ ድርሰት ሲያጽፍ ሦስት ነገር ቢያዝዝ መልካም ነው፤ አንደኛ፥ ተማሪው የሚጽፍበትን ቀን ዕለቱንና ጾሙን አስቀድሞ ያስላ። ሁለተኛ፥ ከሽማግሌ የሰማውን አንድ ነገር ያግባ፤ ሽማግሌውም ከማን እንደ ሰሙት ይጠይቅ። ሦስተኛ፥ ያንኑ ትረካ በአንድ ገጽ ብቻ ከወንዙ ማዶ ሆኖ እንደ ገና ይጻፈው። በሦስተኛው ገጽ ላይ «መጣ» ይበል ወይስ «መጡ» ይበል ብሎ ብዕሩን ያቆመ ተማሪ፥ ልብ ወለድ ታሪክ በምን እንደሚታመን በዚያች ቅጽበት ይገባዋል።